በስሙ ቀን የተዘጋ በር

ራንጌል በሩን ሁለት ጊዜ ቆልፎ ሲወጣ ጎረቤቱ እትዬ ዝላቲና ገና አልነቁም ነበር። የያዘው ትንሽ ሻንጣ የእናቱ ነው። ጎማው ስለሚንጫጫ ደረጃውን እስኪጨርስ አንጠልጥሎት ወረደ። ውጭው ጭጋግ ነው። ሃስኮቮ በኅዳር እንዲህ ናት፤ ጭጋጉ ከማሳው ይነሳና ከተማዋ ላይ እንደ ታመመ ሰው ተኝቶ ይውላል።

ዕለቱ የሊቀ መላእክት ሚካኤል በዓል ነበር። በዚያ ቀን ሚሃል የሚባል ሁሉ፣ አንጌል የሚባል ሁሉ፣ ራንጌልም የሚባል ሁሉ ስሙ ይከበርለታል። "ልደትህ የእኔና የአንተ ነው፤ የስምህ ቀን ግን የሰፈሩ ነው" ትለው ነበር እናቱ። በስም ቀን እንግዳ አይጠራም። ባለ ስሙ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ማዕዱን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ የመጣ ይመጣል። በሌላው ቀን ሳይጠሩት አቤት ማለት ነውር ነው፤ በስም ቀን ግን ወጉ ራሱ እሱ ነው። የሐዘን ዓመት ላይ ያለ ቤት እንኳ ዘፈኑን ይተዋል እንጂ በሩን አይዘጋም።

ራንጌል የሸሸው በአንድ ሰው ምክንያት ነው። ታላቅ ወንድሙ ስታመን በየዓመቱ በዚህ ቀን ከሁሉ ቀድሞ ይመጣ ነበር። ከሚኖርበት ከካርጃሊ በአውቶቡስ፣ የበግ ቅቅል በድስት፣ ድስቱን በፎጣ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አድርጎ። ዘንድሮ ይምጣ አይምጣ ግን ራንጌል አያውቅም። በሚያዝያ እናታቸውን ሲቀብሩ ስታመን እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። ራንጌል እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሞ ዋለ። እንባውን ውጦ አይደለም፤ ከመጀመሪያው የሚዋጥ ነገር አልመጣም። የጉድጓዱ አፈር ሳይደለደል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ስታመን ወደ እሱ ዞሮ "አንተ ድንጋይ ነህ። ድንጋይ እንኳ ዝናብ ሲነካው ይረጥባል። ከእንግዲህ ወንድም የለኝም" አለው። ራንጌል የስታመን ጫማ ጭቃ መንካቱን አየ፤ ያን ብቻ ያስታውሳል። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም።

አሁን በር ከፍቶ፣ ማዕድ ዘርግቶ፣ የደረጃውን ኮቴ እያዳመጠ መዋልን አሰበና አልቻለም። ስታመን ቢመጣ ምን እንደሚለው አያውቅም። ባይመጣ ደግሞ አለመምጣቱን ዕድሜ ልኩን ያውቀዋል። ቤት ከሌለ ግን መምጣቱንም መቅረቱንም አያውቅም። አለማወቅ ይሻላል ብሎ ነው ፕሎቭዲቭ፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ለቅዳሜና እሁድ አልጋ የያዘው። መነጽር ቤቱ ውስጥ አብራው የምትሠራው ልጅ ስትሰማ "ሽርሽር? አንተ? ይሁና፣ ትንሽ ነፋስ ይንካህ" ብላ ሳቀችበት። እሱም "አዎ፣ ሽርሽር ነው" አላት፤ ቃሉን ሲናገረው የሌላ ሰው ኮት የለበሰ መሰለው።

ፕሎቭዲቭ ካፊያ ጠበቀው። አሮጌው ከተማ ኮረብታ ላይ ነው። የኮብልስቶኑ መንገድ ረጥቦ እንደ ዓሣ ጀርባ ያብረቀርቃል፤ የሻንጣው ጎማ ድንጋይ በድንጋይ እየዘለለ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ አስጮኸ። ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች ከታች ጠባብ ናቸው፤ ፎቃቸው ግን ወደ መንገዱ እያዘነበለ ከላይ ሊሳሳም ምንም አልቀረውም። ከመስኮቶቹ ማንም አልታየም።

የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት ፀጉሯን በወረቀት ጠቅልላ ቀለም የተቀባች፣ ጠና ያለች ሴት ነበረች። መታወቂያውን ተቀብላ ከዓይኗ አራቅ አድርጋ አነበበችው።

"ራንጌል" አለች። "እንኳን አደረሰህ።"

"እንኳን አብሮ አደረሰን።"

"ዛሬ ሚካኤል አይደል እንዴ? ቤትህን ለማን ትተህ መጣህ?"

"ለማንም።"

"ሚስትህ ታስተናግዳለች በለኛ።"

"ሚስት የለኝም።"

"በርህ ተዘግቷል ማለት ነው?" መታወቂያውን መለሰችለት፤ ጥፋት የተገኘበት ዕቃ እንደሚመለስ። "የእኔ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በስሙ ቀን ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ ነርሶቹን ኬክ አስበልቷል። ቆርጡልኝ እያለ፣ ጉሉኮሱ እጁ ላይ ተሰክቶ። ክፍልህ ፎቅ ላይ ነው። ስትገባ ጭንቅላትህን፤ ድሮ ሰው አጭር ነበር መሰለኝ መቃኑ ዝቅ ያለ ነው።"

ራንጌል መቃኑን በግንባሩ መታው። አሞት ይሆናል፤ ልብ አላለውም። ሻንጣውን አልጋው ላይ አስቀመጠና ሳይከፍተው ትንሽ ቆሞ አየው። ከዚህ በኋላ ስሙን የጠየቀው ካለ ሌላ ስም እንደሚናገር ወሰነ፤ ከዚያ ወጣ።

አንድ ትኬት ብዙ ሙዚየሞችን ያስገባል አሉት፤ ገዛ። ሙዚየሞቹ የድሮ ነጋዴዎች መኖሪያ ቤቶች ናቸው። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ከእሱና ከጠባቂዋ በቀር ሰው አልነበረም። ወንበሮቹ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ማዕዱ ላይ ሲኒዎችና ሳህኖች ተደርድረው መስታወት ተደፍቶባቸዋል። ማንም የማይቀመጥበት ወንበር፣ ማንም የማይበላበት ማዕድ። ደስ አለው ማለት አይቻልም፤ ግን አልከበደውም። በዚህ ቤት ማንም አይመጣም፤ ማንም ባለመምጣቱ ማንም አይከፋም። ጠባቂዋ ሹራቧን እየሠራች "የሚቀጥለው ሽቅብ ስትወጣ በግራ በኩል ነው። ትልቅ የእንጨት በር አለው። አትቸኩል፣ ዛሬ ሰው የለም" አለችው።

ሽቅብ ወጣ። በግራ በኩል ወለል ብሎ የተከፈተ ትልቅ የእንጨት በር አገኘ። ግቢው ውስጥ ቅጠሏ የረገፈ የበለስ ዛፍ ቆማለች፤ ደረጃው ላይ ጫማዎች ተደርድረዋል። ወለሉ እንዳይበላሽ ይሆናል ብሎ የራሱንም አወለቀና ከዳር አስቀመጠ።

ቤቱ ከቅድሙ ይሞቅ ነበር። ጣሪያው መሐል ላይ ከእንጨት የተፈለፈለ ፀሐይ አለ። ራንጌል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ሰቅሎ ጨረሮቹን አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ የጥሎሽ ሣጥኑን አየ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፎቶዎች አየ፤ ሙሽሮች፣ ወታደር፣ አንድ ድመት የታቀፈች ሴት። የሥጋ ሽታ አፍንጫው ሲደርስ አጠገቡ ምግብ ቤት አለ ብሎ አሰበ።

"ምን ይገትርሃል እንደ ምሰሶ?"

ዞረ። አንዲት አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ትልቅ ትሪ ይዛ ቆማለች። ኔቬና ትባላለች፤ የቤቱ ልጅ ናት፤ እሱ ግን አስጎብኚዋ መሰለችው። ትኬቱን አወጣና ዘረጋላት። እሷ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ መስሏት በሁለት ጣቷ ተቀብላ ሳታየው ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

"ምን አስቸገረህ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግባ፣ ግባ፣ ቅቅሉ ቀዘቀዘ።"

በትሪው ጫፍ ጀርባውን ገፋ አድርጋ በሚቀጥለው በር አስገባችው።

ረጅም ማዕድ ዙሪያ ሰዎች ሞልተዋል። አረቄው ተቀድቷል፤ ክብ ትልቅ ዳቦ መሐል ላይ ተቆርሷል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። ከራስጌው የተቀመጡት ሽማግሌ ወፍራም መነጽር አድርገዋል፤ ራንጌል በሥራው ያን ያህል የሚወፍር መስታወት የሚያየው ከስንት አንዴ ነው። እኒህ አባባ ሚሃል ናቸው፤ ቤቱም በዓሉም የእሳቸው ነው። ወደ በሩ አፈጠጡ።

"ማነው የገባው?"

"እንግዳ ነው፣ ጋሽ ሚሃል" አለ በስተግራቸው የተቀመጠው። እሱ ቶንቾ ነው፤ ታክሲ የሚነዳ፣ ፊቱ እንደ ቲማቲም የቀላ ጎረቤት። "ጫማውን አውልቆ ነው የገባው።"

"ቀጭን ነው?"

"እንደ ጧፍ።"

"ዝምተኛ?"

"እስካሁን ትንፍሽ አላለም።"

"እንግዲያው መጣልኝ" አሉ አባባ ሚሃል፤ ማዕዱ ሁሉ ሳቀ። "ነፍስ የሚወስደው ሚካኤል ነው ይላሉ አይደል ልጄ? ሰማንያ ዓመቴ ነው። በየዓመቱ በገዛ በዓሉ ቀን በዚህ በር ይገባል ብዬ አያለሁ። ሥራ ይበዛበታል መሰለኝ ይዘለኛል። ግባ፣ ተቀመጥ። ብትወስደኝም ከምሳ በኋላ አድርገው።"

"እኔ እንኳ ሙዚየሙን ነበር..." አለ ራንጌል።

"ሙዚየም ነው እንጂ" አለ ቶንቾ። "ዋናው ዕቃ እሳቸው ናቸው። መንካት ክልክል ነው።"

እንደገና ሳቁ። ለራንጌል ነገሩ የገባው በዚያ ሳቅ መሐል ነው፤ ይህ የሰው ቤት ነው፤ እነዚህ ሰዎች የስም ቀን ላይ ናቸው፤ እሱም ያልጠሩት እንግዳ ሆኖ፣ ማለትም እንደ ወጉ፣ ከተፍ ብሏል። ይቅርታ ጠይቆ መውጣት ነበረበት። ነገር ግን ኔቬና ከአባቷ በስተቀኝ ባለው ባዶ ወንበር አስቀምጣው ሳህኑን ሞልታለት ነበር። መነሳቱም ደግሞ፣ እንደ ሌላው ነገር ሁሉ፣ ከሩቅ የሚታይ ነገር መሰለው።

"የልጄ ወንበር ነው" አሉት አባባ ሚሃል ዝቅ ባለ ድምፅ። "አሰን ስፔን ነው። ማታ ይደውላል። እንኳን አደረሰህ ይለኛል፤ ከዚያ ስለ አየሩ እናወራለን። እዚያ ፀሐይ ነው ይለኛል፤ እዚህ ጭጋግ ነው እለዋለሁ። ብላ።"

በላ። ቅቅሉ ጨው በዝቶበታል። የስታመን ድስት ጨው ያንሰዋል፤ እናታቸው "የካርጃሊ ጨው ውድ ነው?" እያለች ትሰድበው ነበር። ራንጌል ይህን አስታወሰና ማንኪያውን እንደያዘ ትንሽ ጠበቀ፤ ምንም አልመጣም። ቀጠለ።

"ስምህን እንኳ አልነገርከንም" አለው ቶንቾ።

"ቶንቾ፣ በስም ቀን እንግዳ አይመረመርም" አለች ኔቬና።

"ስሙን ነው እንጂ ዘሩን መች ጠየቅኩት?"

"ኦግንያን" አለ ራንጌል።

"ኦግንያን። የእሳት ስም።" ቶንቾ አገጩን ይዞ አየው። "እሳት አመድ ይወልዳል ሲሉ እውነታቸውን ነው ለካ።"

"ተው አንተ፣ ሰውዬው ይብላበት።"

"ይብላ። አመድ ከበላ ፍም ይሆናል።"

ማንም ከየት መጣህ አላለውም። አንዲት አሮጊት ሴት ከማዕዱ ማዶ ሆነው ዳቦ አቀበሉት፤ አንድ ሰው አረቄውን ሞላለት። ስለ ጣሪያ መጠገኛ አወሩ፤ ስለ ጎብኚዎች አወሩ። ባለፈው በጋ አንድ ጎብኚ የእነ ኔቬናን የተሰጣ ልብስ እንደ ቅርስ ፎቶ አንስቶት ሄደ አሉ። ቶንቾ "የእኔ ቦላሌ ነበር፤ ከተወለድኩ ጀምሮ ማንም እንዲያ አድንቆኝ አያውቅም" አለ። ራንጌል ያዳምጣል። ከመስታወት ጀርባ እንደሚታይ ቤት ነበር፤ የአሁኑ መስታወት ግን የተደፋው በእሱ ላይ ነው።

ከዚያ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። እትዬ ዝላቲና ናቸው። እሳቸው በስልክ ሲያወሩ ሽቦው የማይበቃ ይመስል ይጮኻሉ፤ ማዕዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሰማቸው።

"ራንጌል፣ የት ነህ አንተ?"

"ፕሎቭዲቭ።"

"ፕሎቭዲቭ ምን ጣለህ?"

"ሽርሽር።"

"ወንድምህ በርህ ላይ ነው" አሉ እትዬ ዝላቲና። "አንኳኳ፣ የሚከፍት ሲያጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ድስት ታቅፏል። እኔ ጋ ግባ ብለው 'የመጣሁት ወደ ራንጌል ነው' አለኝ። ምን ልበለው? ሞቷል ልበለው?"

"የለም ይበሉት።"

"የለም ማለቱንማ በሩም ነግሮታል።"

ራንጌል የዳቦ ፍርፋሪ በጣቱ እያድቦለቦለ መሆኑን አየ። ክብ ሆኗል፤ ደህና አድርጎ ክብ ሆኗል። "እንግዲያው ምንም አይበሉት" አለና ዘጋው።

ማዕዱ ሁሉ ወደ እሱ ዞሮ ነበር።

"ራንጌል ማነው?" አለ ቶንቾ።

"እኔ ነኝ።"

"ኦግንያንስ ማነው?"

"እሱም እኔ ነኝ።"

ኔቬና አንድ ነገር ትዝ እንዳላት እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከታ ትኬቱን አወጣች። ወደ መስኮቱ አስጠግታ አነበበችው። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

"አባዬ" አለች፣ "ይሄ ሰው እንግዳ አይደለም። ቤታችን ሙዚየም መስሎት ነው የገባው። ትኬት ሰጥቶኛል።"

ከዚያ የተነሳው ሳቅ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ቶንቾ እንባው ፈሰሰ፤ በማዕዱ ጨርቅ ጠረገው። "ታዲያ ወንበሩ ላይ ገመድ የለም ብለህ ነው የተቀመጥከው?" አለ ትንፋሹ ሲመለስ። "ሳህኑስ? የስንተኛው ክፍለ ዘመን መሰለህ?" የራንጌልም ከንፈር ባንድ በኩል ሸሸት አለ፤ ሳቅ ለመባል የሚበቃ አልነበረም። አባባ ሚሃል ብቻ አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘውታል። ያለ መነጽር ዓይናቸው ትንሽ ነው።

"በስምህ ቀን በርህን ዘግተህ ወጣህ?" አሉት።

"አዎ፣ አባባ።"

"ስለ ወንድምህ?"

"አዎ።"

"ምን አደረገህ?"

ራንጌል ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። አሁን ሲናገረው ግን የጠፋ ዕቃ ለፖሊስ እንደሚያስመዘግብ ሰው ሆኖ ነው። "እናታችንን ስንቀብር አላለቀስኩም። ድንጋይ ነህ፣ ወንድሜ አይደለህም አለኝ።"

"አሁንስ?"

"አሁንም አላለቀስኩም።"

አንድ ሰው ማንኪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። አባባ ሚሃል ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እኔ ሚስቴን በቀበርኩ ቀን፣ ለቀብር የመጣው ሰው ዳቦ ይበቃዋል አይበቃውም እያልኩ ነው የዋልኩት። በቃ ይሄ ነው ሐዘኔ፤ ዳቦ። እንባው የመጣው ስንት ጊዜ ቆይቶ፣ ለዚያውም ድመቷ ስትሞት።"

"ድመቷም ደህና ድመት ነበረች" አለ ቶንቾ፤ አሁን አልሳቀም።

"ደህና ነበረች። ይኸውልህ ልጄ፣ ስለ እንባው እኔ አላውቅም፤ የአንተና የወንድምህ ነው። በሩ ግን የእናንተ ብቻ አይደለም። በዚህ ቀን ድስት ይዞ የመጣ ሰው ደረጃ ላይ አይቀመጥም። አንተ ባትኖርለት ቤቱ ይኑርለት።"

"ባለቤቱ የሌለበት ቤት ምን ያደርግለታል?"

"አንተ ዛሬ የምታውቀው ባለቤት ቤት ነው የተቀመጥከው? እኔን ፈልገህ መጣህ? በልተሃል እኮ።"

ኔቬና ትሪዋን አስቀመጠች። "ቁልፍ ሌላ ሰው ጋ የለም?"

"ጎረቤቴ ጋ አለ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?"

ምን እንደሚጠብቅ ያውቅ ነበር። ቁልፉን ስጡት ካለ ሁለት ነገር ነው የሚሆነው። ስታመን ይገባል፤ ወይም ቁልፍህን አልፈልግም ብሎ ድስቱን አንስቶ ወደ ካርጃሊ ይመለሳል። ሁለቱም መታወቅ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ ነበር የሸሸው፤ በገመድ የታጠረ ወንበር ፍለጋ እስከዚህ የመጣው። ስልኩን አየው፤ አሥራ ሁለት ሰው እንደሚያየው ረስቶ ብዙ አየው። ከዚያ ደወለ።

"እትዬ ዝላቲና፣ ቁልፉን ይስጡት።"

እሳቸው ለእሱ አልመለሱም። የነጠላ ጫማቸው ድምፅ ተሰማ፤ በር ተከፈተ። "ቁልፉን ስጪው አለኝ" ሲሉ ሰማ። ከዚያ ከደረጃው የስታመን ድምፅ መጣ፤ "እሱ ነው ያለው?" "እሱ ነው" አሉ እትዬ ዝላቲና። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ማዕዱ ላይ ማንም ስለዚያ አላነሳም። አሮጊቷ ስለ ጉልበታቸው ማውራት ጀመሩ። ኔቬና ጥቅል ጎመን አመጣች። ራንጌል በጎመኑ ውስጥ ሩዝና ሥጋ እንዳለ በሹካው ከፍቶ አየ፤ መልሶ ዘጋው። ልቡ በፍጥነት ይመታል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እንደ ወትሮው ነበር የሚመታው። እጁ ብቻ ቀዝቅዞበት ጭኑ ሥር አደረገው። ስልኩ እንደገና ሲጮኽ ስሙን አነበበው፤ ከሚያዝያ ወዲህ ያ ስም ስልኩ ላይ በርቶ አያውቅም።

"ሃሎ።"

"ትልቁ ጭልፋ የት ነው?" አለ ስታመን።

"ሚስማሩ ላይ። ከምድጃው በላይ።"

"እማዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር የምታደርገው።"

"እኔ ሚስማሩ ላይ ነው የማደርገው።"

ስታመን የሆነ ነገር ሲያንኳኳ ተሰማ። ሳያገኘው አልቀረም፤ ብረት ከብረት ጋር ተነካካ።

"ሰው መጥቷል" አለ። "ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት መጥተዋል። አንድ ሽማግሌም አለ፤ መነጽር ሠርቶልኛል ይላል፤ ወይን ይዟል። ምን ልበላቸው?"

"ፕሎቭዲቭ ነው በላቸው።"

"ፕሎቭዲቭ ምን ትሠራለህ?"

"ቤቶች እያየሁ።"

"ልትገዛ?"

"ለማየት ብቻ።"

"ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው። አንዱ ውስጥ ሰው አለበት።"

ስታመን ይህ አልገባውም፤ ግን አልጠየቀም። ትንፋሹ ይሰማል። ሲጋራ እንዳላቆመ ራንጌል ከትንፋሹ ለየ።

"ያኔ መቃብሩ ጋ ያልኩህን" አለ ስታመን።

"አዎ።"

"በስልክ መልሼ አልውጠውም።"

"ተወው።"

"ና እና ፊትህ ቆሜ አልውጠውም ልበልህ።"

ራንጌል ጣሪያው ላይ ያለውን የእንጨት ፀሐይ ፈለገ፤ የሚበላበት ክፍል ጣሪያ ግን ልሙጥ ነበር። "ማዕዱን አታንሳው" አለ።

"ማን ሊያነሳው ነው? ገና አሁን ተቀመጥን።"

ሲነሳ ሁሉም አብረው ተነሱ። ኔቬና ከትልቁ ዳቦ ግማሹን በጨርቅ ጠቅልላ አስታቀፈችው፤ "ከሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም" አለች፤ ከየትኛው ቤት ወደ የትኛው እንደሆነ ሳትለይ። አባባ ሚሃል እጁን ይዘው ቆዩ።

"ዘንድሮም ዘለልከኝ" አሉት።

"ለከርሞ ያድርሰን፣ አባባ።"

"ከርሞ ከመጣህ ትኬት አትቁረጥ።"

ቶንቾ በታክሲው ካላደረስኩህ አለና ካፖርቱን እየለበሰ ወጣ፤ መቅመሱ ትዝ ሲለው ተመልሶ ተቀመጠ። "በእግርህ ይሻልሃል" አለው፣ "ቁልቁለት ነው።"

የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት ወረቀቱን ከፀጉሯ አውልቃ ነበር፤ ፀጉሯ እንደ ደረቀ ደም ጠቁሮ ቀልቷል። ራንጌል ያልተከፈተ ሻንጣውን ይዞ ሲወርድ ከላይ እስከ ታች አየችው።

"አልጋህ እስከ ሰኞ ነው እኮ።"

"እንግዳ መጥቶብኝ ነው።"

"ሽርሽሩስ?"

"አየሁ።"

"ምን አየህ?" አለች ከኋላው፤ እሱ ግን የሻንጣውን ጎማ እያስጮኸ ኮብልስቶኑን መውረድ ጀምሮ ነበር።

የሃስኮቮው አውቶቡስ ሊሞላ ጥቂት ሰው ቀርቶታል። ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ ዳቦውን ጭኑ ላይ አደረገ። ሞተሩ ሲነሳ ስታመን ደወለ።

"የት ደረስክ?"

"ገና መነሳታችን ነው።"

"ሽማግሌው የአንተን ወንበር ያዘ። ላስነሳው?"

"ተወው ይቀመጥ።"

"ቆይ፣ እጄ ቅባት ነው፣ ላስቀምጥህ" አለ ስታመን፤ ስልኩንም ሳይዘጋ ማዕዱ ላይ አኖረው።

ራንጌል አልዘጋም። አውቶቡሱ ከከተማው ወጥቶ ጭጋጉ ውስጥ ገባ፤ የታጨዱት ማሳዎች ግራና ቀኝ ግራጫ ሆነው ያልፋሉ። ስልኩ ውስጥ የእሱ ሳህኖች ይንቀጫቀጫሉ። እትዬ ዝላቲና ቅቅሉ ጨው አንሶታል ይላሉ፤ ስታመን አላነሰውም ይላል። የሦስተኛ ፎቅ ልጅ ውሃ ጠየቀች። አንድ ሰው "ባለ ስሙ ማነው እዚህ?" አለ፤ "በመንገድ ላይ ነው" አለ ስታመን። ከዚያ አንድ የማያውቀው ድምፅ የእናቱን ስም አንስቶ ነፍስ ይማር አለ፤ ሁሉም በየተራ ነፍስ ይማር አሉ፤ ወንበር ተጎተተ።

ራንጌል ራሱን አዳመጠ። የሚያለቅስ መስሎት ትንሽ ጠበቀ፤ የመጣ ነገር አልነበረም። እግሩ ቀዝቅዟል፤ እጁም። ስልኩን የለጠፈበት ጆሮው ግን ሞቆ ነበር። ሲግልበት ወደ ሌላው ጆሮ አዛወረውና ማዳመጡን ቀጠለ።